ለእንግዳ የተከፈተ አየር

እንግዳ ሲመጣ እጃችን አይታዘዘንም። ለራሳችን በልኩ የምናደርገውን ለእንግዳ ሲሆን «ትንሽ ይጨመርበት» እንላለን፤ ወጡም፣ ቅቤውም፣ ምርቃቱም። እናንተ ከዚህ ልማድ ነፃ ከሆናችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። እኛ አሰላዎች ግን አየር እንኳ ለግሰናል።

በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ መገጣጠሚያ ነበረችን። እዚያ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽን አለ። በጎኑ የተደረደሩት አቀባይ መሣሪያዎች ሰሊጥ የሚያካክሉ የሬዲዮ ዕቃዎችን በአየር ግፊት እየገፉ ያቀርቡለታል፤ እሱ እያነሳ በሬዲዮው ሰሌዳ ላይ ያስቀምጣል። ብናየው ብናየው አንጠግበውም ነበር! ታዲያ አንድ ቀን «አንድ ከፍተኛ ጓድ ይጎበኛሉ፤ ማሽኑ ካላስደሰታቸው ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል» ተባለ። ማሽኑ ሄደ ማለት እንጀራችን ሄደ ማለት ነው።

በጉብኝቱ ጠዋት ስንሞክረው ጉድ ፈላ። ዕቃው አልቀመጥ ብሎ እንደ ፈንዲሻ ይፈናጠራል! ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ጫልቱ የአየር መለኪያውን አይታ ጭንቅላቷን ያዘች።

«ያ ረቢ! ማነው አየሩን የከፈተው?»

አለቃችን ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ ትንሽ ነው የነካሁት። ለእንግዳ ይሰሰታል እንዴ?»

«አቦ ጋሼ፣ እርስዎም?»

«እርስዎም» ማለቷ እሷም ከፍታ ስለነበር ነው። መጋዘን ጠባቂውም ከፍቷል፣ ዘበኛውም። ለካ ሁሉም በየተራው አክብሮቱን ጨምሯል!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ጫልቱ አልቸኮለችም። የእያንዳንዱን አቀባይ የአየር ቫልቭ በጥቂቱ እየዘጋች፣ ዕቃዋ ቦታዋን እስክትይዝ እየጠበቀች፣ እንደገና እየነካካች ቀጠለች። የመጨረሻው ሲስተካከል ግቢው በእልልታ ተናጋ። እኔም ጮኼያለሁ፤ ደስታ ነዋ! መኪኖቹም ደረሱ።

ጓድ ቆመው አዩ። ማሽኑ ያለ ኮሽታ አንዱን ሰሌዳ ሞልቶ ሁለተኛውን ይዟል።

«መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉ።

የጋሽ ተሰማ ፊት አመድ መሰለ። መሥራቱ እስከማይታወቅ ድረስ አስተካክለነው ኖሯል! ጫልቱ ግን በዚያው ማሽን የተሠራ አንድ ሬዲዮ አንስታ ከፈተችው። የወጣው ድምፅ የራሳቸው የጓድ ነበር፤ ትናንት ናዝሬት ያደረጉት ንግግር በዜና እየተላለፈ ነው። «በየክፍለ ሀገሩ የተበታተኑት ማሽኖች በሙሉ ወደ ማእከል መሰብሰብ አለባቸው!» ይላል፣ ጥርት ብሎ።

ጓድ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ይህ ማሽን ከአሰላ ንቅንቅ እንዳይል!» ብለው አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን፤ ለንግግሩም ጭምር።