ብርድ የመታው ባትሪ

በአገራችን መኪና የገዛ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው አያጣም። ጎረቤቱ ይመጣል፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ «ጌታ በሰላም ያስነዳህ» ብሎ ይመርቃል፤ በማግስቱ ደግሞ ለእህቱ ሰርግ ሊዋሳት ይመለሳል። እስካሁን ያላየሁት መኪናዋ ሰርቪስ በምትደረግበት ቀን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሊል የመጣ ሰው ነው። ለምን እንደማይመጡ አላውቅም፤ ሐዘኑ እንደሆነ ያው ሐዘን ነው። እንዲያውም ለቅሶ ቤት ዕድር አለ፤ ንፍሮ አለ፤ አብሮህ የሚያመሽ ሰው አለ። ጋራዥ ውስጥ ግን ሰው ብቻውን ነው።

እኔ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለኝ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሸጬ የማድር ሰው ነኝ። ሃይብሪድ መኪና የገዛሁት ወድጄ አይደለም፤ የቤንዚን ሰልፍ አስገድዶኝ ነው። ማደያ በር ላይ ቆሜ የፈጀሁትን ዕድሜ ሱቄ ውስጥ ባሳልፈው ኖሮ ዛሬ ሀብታም ነበርኩ ብዬ አሰብኩና (ሒሳብ ላይ ድሮም ደካማ ነኝ) ግማሹን መንገድ በቤንዚን፣ ግማሹን በባትሪ የምትሄድ አንዲት ያገለገለች መኪና ገዛሁ። ደላላው «ይቺ ቤንዚን አትጠጣም፤ ታሸታለች እንጂ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ያልነገረኝ፣ ቤንዚን የማይጠጣ ነገር ሌላ የሚጠጣው እንደማያጣ ነው።

የመጀመሪያው ሰርቪስ ሲደርስ፣ እነዚህን መኪኖች የሚያስመጣው ድርጅት ከተማችን ውስጥ ወደከፈተው ጋራዥ ሄድኩ። ጋራዥ ያልኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ቦታው የግል ክሊኒክ ነው የሚመስለው። ወለሉ ያብረቀርቃል፤ ሶፋ አለ፤ ቴሌቪዥን አለ፤ ገና እግሬ ሲገባ ቀዝቃዛ ውሃ በነፃ ሰጡኝ። በነፃ የተሰጠኝ ነገር ሁሌም ያስፈራኛል። ውሃውን ሳልጨርስ ዋጋው መጣ። ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር፣ ፍሬኗን ለማየት፣ መኪናዋንም ከኮምፒውተር ጋር ለማነጋገር የጠየቁኝ ገንዘብ ከሱቄ የወር ኪራይ ይበልጣል። ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያናግር፣ ትሑት ሰው ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ እከራከረው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ግን ምን ብለህ ትከራከረዋለህ? አመስግኜ፣ ውሃዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ጋሽ ናስር ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ናስር የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ዋጋውን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘን አዩኝና፣ ዘይት መቀየር ማለት ጫማ መቀየር ማለት ነው፤ ለጫማህ ባለሙያ ትቀጥራለህ ወይ አሉኝ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ድርጅቱ ከጠየቀኝ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ሸጡልኝ፤ ክሪካቸውንም አዋሱኝ።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ግቢያችን ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ ድንጋይ ደግፌ፣ ከሥር ገባሁ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፍቻለሁ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ «ወደ ግራ ፍታው»፣ «የለም ወደ ቀኝ ነው» ይላል። አንዳቸውም ዘይት ቀይረው አያውቁም፤ ምክር ግን በነፃ ነው። ቡሎኑ ሲፈታ ትኩሱ ዘይት መጀመሪያ እጅጌዬን፣ ቀጥሎ የባለቤቴን የምሕረትን አዲስ ሳፋ ሞላው። የተቃጠለ ዘይት ከሳፋ እንደማይለቅ ያን ቀን ተማርኩ። ቢሆንም፣ ሸሚዜንና ሳፋውን ደምሬ እንኳ ከድርጅቱ ይረክሳል። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው ባየሁ ቁጥር ወሬውን ወደ ሞተር ዘይት እየሳብኩ አስቸገርኩ።

ትዕቢት ግን ዕድሜዋ አጭር ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። ጋሽ ናስር ይህ የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ እጄን አላስገባም አሉ። እናም አንገቴን ደፍቼ ወደዚያ የሚያብረቀርቅ ወለል ተመለስኩ። መኪናዋ ከኮምፒውተሩ ጋር ተነጋገረች፤ የንግግራቸውንም ከፈልኩ። ባትሪው ከመጠን በላይ ይግላል ተባልኩ። ማቀዝቀዣውን ማጽዳት ይቻላል፤ ካልተሻለው ግን ባትሪው መቀየር አለበት። የባትሪውን ዋጋ ስሰማ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ለመስከረም ደብተር ልገዛበት ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነው፤ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ መስከረም ላይ ደብተር ከሌለው ዓመቱን ሙሉ ምን ይበላል?

ቤቴ ገብቼ እንደገና ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውዬው የሚናገረው በማላውቀው ቋንቋ ነው፤ ጣቱ ግን አማርኛ ይችላል። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የሚተነፍሰውም ከወንበሩ ግርጌ በስተቀኝ ባለች መዳፍ በምታክል ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ በአቧራ ከተደፈነች ባትሪው ይታፈናል። ብሩሽ ያዝ፤ ጥረግ፤ አለቀ። ሰውዬው ሲጨርስ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። የምሕረትን የልብስ ብሩሽ ይዤ ወጥቼ የኋላውን በር ከፈትኩ። ቀዳዳ የለም።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ መናገር ግድ ነው። እማማ ብዙነሽ አጥባቂ ወንጌላዊት ናቸው። እኔ ደግሞ የኦርቶዶክስ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ምሕረትን ሳገባ ሰርጋችን ላይ አልተገኙም። ሽማግሌ ተላከ፤ ተመለሰ። ቄስ ተላከ፤ ፓስተር ተላከ። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ሆስፒታል ድረስ መጥተው አቅፈው ስመውታል፤ የቤቴን ደጃፍ ግን አልረገጡም። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች እኔ ነኝ የማውቀው። መኪናዋን በገዛን ሰሞን፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ በገዛ እጃቸው የሰፉትን ወፍራም ባለ አበባ የወንበር ልብስ ተሸክመው በሬ ላይ ቆሙ። ለመኪናዋ ነው አሉ። ገቡ፤ በሉ፤ ጸለዩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከልጆቹ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እንግዲህ ያ ጨርቅ ለሌላ ሰው የወንበር ልብስ ይሆናል፤ ለእኛ ቤት የዕርቅ ውል ነው።

ታዲያ ቀዳዳዋ ያለችው ከዚያ ጨርቅ ሥር ነው። ያውም በአጋጣሚ አልተሸፈነችም። ጥጥ ተወትፎባታል፤ በላዩ ድርብ ጨርቅ ተለጥፏል፤ ዙሪያውን በሲባጎ ተጠልፏል። ምሕረትን ብጠይቃት ነገሩ ገባኝ። እናቷ ሁልጊዜ የሚቀመጡት በስተቀኝ ነው። ከቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ «ፉ» የሚል ነገር ይሰሙ ነበር። ይቺ መኪና ከሥሯ ነፋስ ታስገባለች፤ የልጆቹን ደረት ብርድ ይመታዋል ብለው ለልጃቸው ነገሯት፤ ከዚያም ማንንም ሳያስቸግሩ ደፈኑት። ለካ በቤታችን መኪናዋን በገዛ እጁ የሚጠግነው እኔ ብቻ አልነበርኩም!

አንባቢዬ አይፍረድባቸው። እኛ ብዙ ነገር ችለን የኖርን ሰዎች ነን፤ ነፋስን ግን አልቻልነውም። በዚህ በሐዋሳ ሙቀት፣ በቀትር፣ ሰው ላብ በላብ ሆኖ በታጨቀበት ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ቢከፍት ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ጥርስ ያመመው ነፋስ መትቶት ነው። ወገቡ የተያዘው ነፋስ መትቶት ነው። ነፋስ ሳይመታው የታመመ ሰው እኔ አላየሁም።

ምሕረት መጀመሪያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እናትሽ ናቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው ስላት ሳቋን አቆመች።

«እናቴ ስለሆነች ነው የማውቃት» አለችኝ። «የሰፋሁትን ቀደዱብኝ ካለች፣ እንደገና እስክትመጣ ስንት ዓመት ልጠብቃት?»

በድብቅ ፈትቼ መልሼ ልስፋው አልል፣ እሳቸው ስፌታቸውን ከሌላ ሰው ስፌት ይለያሉ። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም አልኩ። እሑድ ሲመጣ እማማ ብዙነሽ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ መስኮቱ ግጥም ተደርጎ ይዘጋል፤ ማቀዝቀዣ መክፈት ክልክል ነው። እሳቸው መዝሙራቸውን ይዘምራሉ፤ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ይበራል፤ እኔ ላቤን እየጠረግኩ እነዳለሁ። በመሃል መዝሙሩን አቁመው ይመርቁኛል። ባትሪው እየታፈነ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እየታፈንኩ ነው። ለተበላሸ ነገር መፍትሔ ማጣት ያሳዝናል፤ ምንም የማያስወጣ መፍትሔ በእጅ ይዞ መጠቀም አለመቻል ግን ተስፋ ያስቆርጣል። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። እኔ መናገር ካልቻልኩ ድርጅቱ ይናገር። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ችግሬን ዘረዘርኩለት። አማቴን ይዣቸው እመጣለሁ፤ አንተ ደግሞ እንደ ባለሙያ «የድርጅቱ ሕግ ነው፤ ይህች ቀዳዳ መከፈት አለባት» በላቸው አልኩት። ምንም ችግር የለም፤ በየቀኑ ለደንበኞች የምንናገረው ነገር ነው አለኝ። ለምርመራው ደግሜ ከፈልኩ። እማማ ብዙነሽንም እግረ መንገዳችንን ነው ብዬ ይዣቸው ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ እማማ ብዙነሽን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። የልጄ መኪና ምን ሆነች ብለው ጠየቁት። የኋላውን በር ከፍቶ ጨርቁን ትንሽ አየው።

«ይህን የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ በእጄ።»

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እሱ ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰው።

«እጅዎ ይባረክ፣ እማማ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ባትሪው ደክሟል፤ ይቀየር» አለኝ።

ወደ ጎን ወስጄ ምን እያደረግህ ነው አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እናቱ ፊት የቆመ መስሎት አፉ እንደተያዘ ነገረኝ። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የታፈነ ባትሪ አሁን ቀዳዳው ቢከፈትለትም ብዙ አይቆይም አለ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን በምን አፌ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን ሳምንታት ሙሉ የደበቅኩት እኔ ነኝ። እሱ የደበቀው ለአንዲት ደቂቃ ነው።

እማማ ብዙነሽ ግን ቆርጠዋል። የልጆች ነፍስ የሚጫንባት መኪና ናት፤ ይቀየር፤ ዕቁቤ ሊደርሰኝ ነው፤ እኔ እሰጥሃለሁ አሉ። የእሳቸውን ዕቁብ ተቀብዬ የት እደርሳለሁ? አለኝ፣ አልኳቸው። ነበረኝም። በዚያ መስከረም ደብተር ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በትሕትና ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ስመራ ከረምኩ።

መኪናዋን የምረከብ ቀን እማማ ብዙነሽ ለአዲሱ ባትሪ ልጸልይለት ብለው አብረውኝ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ሲያየኝ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ፣ ወንበሩን ለማንሣት ልብሱ መፈታቱ ስለማይቀር፣ በዚያው ጥጡን አውጥቶ፣ ድርቡን ጨርቅ ፈትቶ፣ ቀዳዳዋን ከፍቷታል። ለመጀመሪያ ጊዜ በነፃ የሠራልኝ ሥራ ይህ ነው። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

እማማ ብዙነሽ ጸልየው ሲጨርሱ ገብተው በስተቀኝ ተቀመጡ። መኪናዋ ሞተሯ ተነሥቶ ቆማለች። ትንሽ እንደቆዩ ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ አሉ።

«ይሄን ክፍት ትታችሁት ነው?» አሉ። «የፊተኛውን ባትሪ የገደለው እኮ ይሄው ነፋስ ነው።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርኩ። እሱ ወለሉን ያያል። እማማ ብዙነሽ ቦርሳቸውን ከፍተው መርፌና ሲባጎ አወጡ። አንዴ ሞከሩ፤ ሁለቴ ሞከሩ፤ ክሩ አልገባ አላቸው። ሁለቱንም ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ አንተ አስገባልኝ።»

እውነቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ምላሴ ላይ ደርሷል። አፌን ስከፍት ግን የክሩን ጫፍ ላርስበት ሆነ። ክሩ እኔንም እምቢ ይለኛል፤ እስከዚያ አንድ ነገር ይፈጠራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።