የቡሬ ገበያ አዳራሽ በአንድ ፊደል እንደ ቀዘቀዘ

በዘመነ ሉቃስ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጣሊያን በጎጃም ላይ፣ ቆርቆሮም በቡሬ ገበያ ላይ በሠለጠኑ ጊዜ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ የቀለም አንበሳ፣ የብዕር ጌታ፣ ጽሕፈቱ እንከን የማያውቅ ማመልከቻ ጸሐፊ ገብረሰንበት የፈጸመው ገድል ይህ ነው፤ ገብረሰንበትም እኔው ራሴ ነኝና ውዳሴው ቢበዛ አንባቢ ይታገሠኝ።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ ጣሊያኑ አለቃ ገበያተኛው ሁሉ ከዋርካው ጥላ ተነሥቶ በአዲሱ የቆርቆሮ አዳራሽ ይሽጥ፣ ውጭ የተገኘ ዕቃው ይወረሳል ብሎ አዋጅ አስነገረ። አዳራሹም ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደ ምድጃ ጋለ፤ ጨው ነጋዴው ዑስማን በጥምጥሙ አራገበ፤ አህዮች እንኳ በሩ ላይ ደርሰው አንገባም አሉ። የባሰባት ግን ቅቤ ሻጯ አቻምየለሽ ነበረች፤ በኮባ ጠቅልላ ያመጣችው ቅቤ ቀልጦ በመደቡ ላይ ፈሰሰ። ቅዳሜም እንዲሁ ከሆነ ያለችኝን አንዲት ላም መሸጤ ነው ብላ አለቀሰች።

ስለዚህ ብዕሬን ቀርጬ፣ ቀለሜን በጥብጬ፣ የገበያው ሹም ባላምባራስ እጅጉ ቆርቆሮውን ሣር እንዲያለብሱልን ለጣሊያኑ አለቃ እንዲህ ጻፍሁ፦ «የገበያው ሹም ክዳን ይስጡን።» ዑስማን ከነጥምጥሙ፣ አቻምየለሽ ከነቅቤ ቅሏ፣ ሁለት በርበሬ ሻጮችና ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ፍየል ተከትለውኝ በታላቅ ግርማ አገባሁት።

ወየው ለእኔ! ለካ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ የ«ክ»ን ጭረት ዘንግቼ «ከ» አድርጌያት ኖሯል። አስተርጓሚውም እንዲህ ብሎ አነበበው፦ «የገበያው ሹም ከዳን፤ ይስጡን።»

ጣሊያኑ ሹሙን አስይዞ፣ እስከ ዓርብ ነጋዴው ካልመሰከረልህ ወዮልህ አላቸው። የብዕር ጌታም ከዑስማን የጨው ቁልል ጀርባ ተሸሸገ። ባላምባራስ በዘበኛ እየተጠበቁ መጥተው እንዲመሰክሩላቸው ነጋዴዎቹን ቢለምኑ፣ አቻምየለሽ አንገቷን ደፍታ፣ ሙቀቱ አፋችንን አድርቆታል፣ ጣራው ሣር ቢለብስ ግን አፋችን ይፈታ ይሆናል አለቻቸው። እሳቸውም ኩታቸውን ጥለው ጣራ ወጡ፤ ሁለት ቀን ቆርቆሮውን ሣር ሲያለብሱ ሰነበቱ። ዓርብም በጣሊያኑ ፊት ቆመው በአደባባይ ማሉ፦

«አልከዳሁም፤ ከደንሁ እንጂ!»

ነጋዴውም እውነት ነው ብሎ መሰከረና ተለቀቁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ነፈሰ፤ የአቻምየለሽ ቅቤ ሳይቀልጥ ዋለ፤ ላሚቱም ተረፈች። ነገር ግን ባላምባራስ ማመልከቻውን ይዘው መጥተው፣ ይህን የጻፈ ማን ነው ብለው ጠየቁ። በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ የላበኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። አቻምየለሽ አየችኝና፣ ጌታዬ፣ መንገደኛ ነው፣ ወደ ሽንዲ ሄዷል አለቻቸው።

ስለዚህ ምስጋና ለገብረሰንበት፣ ሹም አሳስሮ ገበያ ላቀዘቀዘው፣ ከጨው ጀርባ ተሸሽጎ ድል ለነሣው! የአዳራሹን ጣራ ባላምባራስ ከደኑት፤ የእኔን ገመና አቻምየለሽ ከደነችልኝ፤ እኔ ደግሞ ይኸው በገዛ እጄ ጽፌ ገለጥሁት።