ዜና ኪያላ፣ በሠርግ ቀን ስለ ዓሣ ራስ የተዋጉት

ማማ ሉዞሎ በኪንሻሳ፣ በማሲና ሰፈር፣ በሙቀጫና በዘነዘና ላይ በነገሡበት ዘመን፣ እርሱም ዘመነ ሙቀጫ በተባለው፣ ልጃቸው ኪያላ፣ ሥዩመ ድራም፣ ርእሰ መቺዎች፣ አድባረ ጭፈራ፣ ተወለዱ፤ ገና በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ሳሉ የካሳቫ ቅጠል የሚወቅጠው ዘነዘና በደረታቸው ገብቶ ሰፈረ፤ ወእምዝ እጃቸው ማንኪያ ቢጨብጥ የእናታቸውን የድስት ክዳን እየደበደቡ አጎደጎዱት። ማማ ሉዞሎም አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ ተሰማማ! አንተ ክዳኔን የፈጀህ! ከበሮ እንደሁ እንጀራ አይሆንህም፤ ሲርብህ እሱኑ ቀቅለህ ብላ!» አዋጁም ሳይሻር ኪያላ ጎለመሱ፤ እናታቸው አንድም ቀን ሲመቱ ሊሰሟቸው አልመጡም፤ ይህም ነገር ጀግናውን ከረሃብ ይልቅ ይበላቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ዘመነ ሳጥን ሆነ። የመንገዱ ጫማ ጠራጊ በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ሲያደርግ ዳኛውም ወታደሩም ያለ ክርክር እግሩን ይቀይር ነበርና፣ ሰው በአንዲት ኳ እንደሚገዛ ኪያላ ከዚያ ተማሩ። በዘመነ መዘምራንም የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ተሰጣቸው፤ ነገር ግን ንስሐ የገባው ሁሉ ወገቡን መነቅነቅ ስላበዛ ሽማግሌዎቹ በሰላም አሰናበቷቸው።

ወእምዝ ፓፓ ንዶምባሲ ከሚመሩት ባንድ ገቡ፤ የባንዱም ሠራዊት ይህ ነው፦ አንድ ክር የጎደለው ጊታር፣ ክሩን የሰረቀው ሌላው ጊታር፣ ጭፈራ አሟሟቂው ባለ ጎርናና ድምፅ፣ ደግሞም ማንም ያልጠራው የፓፓ ንዶምባሲ አማች።

በታላቁም ሠርግ ቀን ምግቡን የሚያበስሉት ማማ ሉዞሎ ሆኑ። በቅጠል ተጠቅልሎ በፍም የበሰለ ዓሣ ተደረደረ፤ የዓሣውም ራስ ከሥጋው ሁሉ ንጉሥ ነው። ፓፓ ንዶምባሲ ግን አወጁ፦ «የሙሽራዋ አክስት እየጨፈሩ ድራም ያቆመ፣ ከእኔ ጋር ያለቀለት ነው!» አክስቲቱም ሰፊና የማይደክሙ ነበሩ። ጊታሮቹ በየተራ እየሄዱ ሲበሉ፣ ምትክ የሌላቸው ኪያላ ከወንበራቸው ሆነው የዓሣው ራስ ሲመናመን ያዩ ነበር።

ስለዚህ ጭፈራው እንዲቆም የሳጥኑን ጥበብ መዘዙ። ኳ! ጨፋሪው ሁሉ ባንዴ እግሩን ቀየረ፤ እርስ በርሱም ተጋጨ። ኪያላ ጭፈራው ተበተነ ሲሉ፣ ባለ ጎርናናው አወጀ፦ «አዲስ ጭፈራ መጣ! ጫማ ጠረጋ! ቀይር እግርህን፣ ቀይር!» አክስቲቱም ጫማቸውን አውልቀው እንደ አዲስ ጀመሩ።

በዚህን ጊዜ ኪያላ የመጨረሻውን ጦር አነሡ። እናታቸው ወቅጠው ሲጨርሱ ቅጠሉን ለማራገፍ የሙቀጫውን አፍ በዘነዘናው ሦስት ጊዜ ይመቱ ነበር፤ ትርጉሙም «ደርሷል፣ ኑ ብሉ» ነው፤ ማሲናም በዚያ ድምፅ ያደገች ናት። ይህንኑ በድራሙ ጠርዝ መቱት። ወዲያው ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ሁለቱ ጊታሮች፣ ፓፓ ንዶምባሲም ራሳቸው ወደ ድስቱ ጎረፉ፤ ዓሣውንም ጠራረጉት። ድል ያደረጉት ኪያላ፣ ምርኮውን የወሰደው ሌላ ሆነ። በሜዳው የቀሩት እሳቸውና ጭፈራቸውን ያላቆሙት አክስቲቱ ብቻ ነበሩ።

ማማ ሉዞሎም ጭልፋ ይዘው ከማድቤት ወጡ። «እኔ ሳልል ማነው ደርሷል ያለው?» ብለው አወጁ፤ ልጃቸውንም ባዩ ጊዜ ጭልፋቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ ቆመው አደመጡ። ኪያላ በጠላት ፊት ያልፈሩት ያን ጊዜ ፈሩ። እናታቸው ተመልሰው ገቡ፤ ቆይተውም የተከደነ ሳህን ይዘው ወጡ፤ ክዳኑም ያ የጎደጎደው ክዳን ነበር፤ ከሥሩም ያልተነካ የዓሣ ራስ ተገኘ። የመጨረሻውንም አዋጅ አስነገሩ፦ «ሦስተኛዋን ታፈጥናታለህ። እኔ እንደሱ አልወቅጥም፤ አሳርፋት። በል ብላ፣ ሳይበርድ!»

እነሆ ክብርና ምስጋና ለኪያላ፣ ለሙቀጫው ልጅ፣ ለሳጥኑ ደቀ መዝሙር፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ አክስቲቱን ብቻቸውን ላልተዉ፣ በቀኛቸው ለበሉ፣ በግራቸው ለመቱ፣ ሦስተኛዋንም ምት ላሳረፉ።