አጥር ላይ የተሰጡ ስድስት ሱሪዎች

ከብት መቁጠር ቀላል ነው። ከብት ስለ ራሱ አይዋሽም፣ ቆጣሪ መጣ ሲሉት እንሰት ውስጥ አይደበቅም፣ «ለምን ፈለጋችሁኝ?» ብሎም አያፋጥጥም። ሰው ግን... ኤዲያ! ቆጥሬ አውቀዋለሁና አትከራከሩኝ።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ሕዝብ ጥግግት ሳስተምር ብታዩኝ! ካይሮ እንዴት በሰው እንደታጨቀች፣ ቶኪዮ ውስጥ ሰው እንዴት እየተገፋ ባቡር ውስጥ እንደሚጠቀጠቅ፣ ካልካታ በዙሪያዋ ያለውን ገጠር እንዴት እየዋጠች እንደምትሰፋ፣ ትናንት ማታ ከዚያ የገባሁ ይመስል ነበር የማወራው። ከሁሉ የራቀው ጉዞዬ አዲስ አበባ ነው። እሱንም ጥርሴን ታምሜ!

እናላችሁ፣ የሕዝብ ቆጠራ ታወጀ። ትምህርት ተዘጋና አስተማሪው ሁሉ ቆጣሪ ሆኖ ተመለመለ። ለእኔ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ውስጥ ያለ አንድ ገበሬ ማኅበር ደረሰኝ። ደስታዬ ለጉድ! ለምን በሉኛ። ታደለች የምትባል የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ባልደረባዬ፣ የዚያ መንደር ልጅ ነች። ከእሷ ጋር ተደብቀን ሻይ መጠጣት ከጀመርን ዓመት አልፎናል። አባቷን አቶ ሀንዲሶን ግን... ሽማግሌ መላኩ ቀርቶ ቀና ብዬ ለማየት እንኳ ድፍረት አልነበረኝም። ቁመታቸው የስልክ እንጨት ነው፣ በጸሎት ቤታቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲስቁ አየሁ የሚል ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌሞን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቤት ከቤት፣ እንሰት ከእንሰት ተቃቅፎ ነው ያለው። አንዱ ጓሮ ሲያስነጥሱ ከሌላው ጓሮ «ይማርህ!» ይባላል። የዚያን ዕለት ግን በየቤቱ የማገኘው ሴትና አዛውንት ብቻ ሆነ።

«ወንዶቹስ?»

«ዱራሜ ሄደዋል።»

የሚቀጥለው ቤትስ? ዱራሜ። ሦስተኛውም ዱራሜ! ትንሿ የዱራሜ ከተማ ያን ሁሉ ጎረምሳ በአንድ ቀን መያዝ ከቻለችማ ካይሮን በምን ጣዕሟ አስተምራለሁ? ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። «ቆጠራው ለውትድርና ምልመላ ነው» የሚል ወሬ እኔን ቀድሞ መንደሩን አዳርሷል።

አራተኛው ቤት የአቶ ሀንዲሶ ነበር። በራፋቸው ላይ ዱካ ስበው ተቀምጠዋል። ታደለች ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ «ጉድ እንዳትሠራ» ትለኛለች።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። ከቆጠራ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቅ።»

«ስንት ወንድ ልጆች አሉዎት?»

«የሉኝም።»

የታደለችን ስድስት ወንድሞች ስም በዕድሜ ተራ በቃሌ እወጣዋለሁ። ምን ልበል? «አሉዎት እንጂ» ብል፣ «በምን አወቅህ?» ይከተላል። «እሺ» ብዬ ብጽፍ፣ ውሸት በመንግሥት ወረቀት ላይ... ያውም በዚያ ዘመን! ዓይኔን ሳንከራትት አጥሩ ላይ ለእሑድ ጸሎት ታጥበው የተሰጡ ስድስት ሱሪዎች አየሁ። ውሃቸው ገና ይንጠባጠባል።

«አባባ፣ ሱሪዎቹ የማን ናቸው?»

«የእኔ።»

«ስድስቱም?»

«እርሻ ሱሪ ይጨርሳል።»

«ያኛው እንኳ ለእርስዎ ከጉልበት አያልፍም...»

«ሲታጠብ ገብቶ ነው።»

ታደለች አላስቻላትም። «አባዬ፣ ግድ የለህም ንገረው። ቆጠራው ለውትድርና አይደለም።»

«ማን አለሽ?»

«እሱ ነው የነገረኝ።»

«ሰውዬው አሁን መምጣቱ ነው። መቼ ነገረሽ?»

«ማክሰኞ...»

«የት?»

ታደለች ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ሱሪዎቹ። አቶ ሀንዲሶ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ቅጹን ከእጄ ወሰዱ።

«እንግዲህ እኔ ልጠይቅህ። ስም?»

ነገርኳቸው።

«ዕድሜ?»

እሱንም ነገርኳቸው።

ጣታቸውን ወደሚቀጥለው መስመር አወረዱና ጮክ ብለው አነበቡ። «ከቤተሰቡ ኃላፊ ጋር ያለህ ዝምድና?»

እስቲ በእኔ ቦታ ሁናችሁ መልሱልኝ!

«እ... ገና ነው አባባ።»

«ገና የሚል መልስ እዚህ ወረቀት ላይ የለም።»

«ሽማግሌ... ልልክ ነበር...»

«መቼ?»

«ቆጠራው ሲያልቅ!» አልኩ። ከየት እንደወጣልኝ እንጃ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረው በሀዲይኛ ተጣሩ። እንሰቱ ተንቀሳቀሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት ጎረምሳ ብቅ አለ። ግማሹ ብርድ ልብስ አገልድሟል፣ ግማሹ በእንሰት ቅጠል ራሱን ሸፍኗል። ያሏቸው ሱሪዎች አጥሩ ላይ እየደረቁ ዱራሜ እንዴት ብለው ይሂዱ?

«በል ጻፍ» አሉ አቶ ሀንዲሶ።

ብዕሩን አንስቼ ግን ቆም አልኩ። እውነት ለመናገር፣ ወሬው ውሸት መሆኑን በምን አውቄ ነው? እኔም የተነገረኝን ነው ለታደለች የነገርኳት። በእኔ ወረቀት ምክንያት አንዳቸው ቢወሰዱ ያቺን ልጅ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ቢሆንም ስድስቱንም ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ፣ መኪና በዚያ አቅጣጫ በሄደ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥቼ ማንን እንደጫነ እመለከት ነበር። ደግነቱ ማንም አልመጣባቸውም።

«ቆጣሪው የሀንዲሶ አማች ነው» የሚለው ወሬ ደግሞ ከመጀመሪያው ወሬ ይልቅ ፈጣን ሆነ። በማግስቱ በየደረስኩበት ወንዱ በራፉ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኝ ጀመር። አልፌያቸው የነበሩት ቤቶችም «ከዱራሜ ተመልሰናል፣ ጻፈን» ብለው ላኩብኝ።

በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪያችን መጣ። ወረቀቶቼን አገላብጦ፣ አገላብጦ ፊቱ ጠቆረ።

«ጓድ መምህር፣ የሌሎቹ ቆጣሪዎች ቅጽ ሴትና ሽማግሌ ብቻ ነው። ያንተ ግን ጎረምሳ በጎረምሳ ሆኗል። ከየት አመጣሃቸው?»

«ሰው ሲያምነኝ ጊዜ ወጡልኝ፣ ጓድ።»

«ምን አድርገህ ነው ያመኑህ?»

«የመንደራቸውን ልጅ ላገባ ነው።»

እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ዘዴው ጥሩ ነበር» አለኝ፤ «ችግሩ፣ የቀሩት ቆጣሪዎች ሁሉ ሚስት አላቸው።»