በዘር የወረደ ማንኮራፋት

በእኛ አገር አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ነው የሚሄደው፤ አንዱ በፌስታል የተንጠለጠለው ነው፣ ሌላው ደግሞ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል አስቀድሞ ያዘጋጀው ፍርድ። ገና ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ ልጅ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድቦ ያድራል። ግንባሩ ለአባት ወገን ይሰጣል፣ ቅንድቡ ለእናት ወገን፤ ጣቱ ረዘም ካለ ሁለቱም ወገን የእኔ ነው ይላል። ጆሮው ሰፋ ካለ ግን ባለቤት አይገኝለትም፤ «ሲያድግ ይስተካከላል» ተብሎ ይታለፋል። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አላደረግንም ብትሉኝ አላምናችሁም።

እኔ ያገባሁበት ቤት በዚህ በኩል ተቸግሮ አያውቅም። ቤቱ አቃቂ ነው፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ትንሽ ወረድ ብሎ። የባለቤቴ አባት አባባ በላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ሲያንኮራፉ ጎረቤቱ ሰዓቱ ያልደረሰ ባቡር መጣ ብሎ ይነቃ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ልጃቸው ግርማ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ እዚያው አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው። የአባቱን ሐዲድ ባይወርስም ማንኮራፋቱን ከነሙሉ ክብሩ ወርሷል። ሰው በቁመቱ ወይም በድምፁ እንደሚኮራ እነሱም በዚህ ይኮራሉ፤ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ እንደ እኔ ያለ አማች ሲተኛ «ምነው አመመው እንዴ?» ይባላል።

ስለዚህ የግርማ ልጅ ሶስና የተወለደች ጊዜ ክርክር አልነበረም። አማቴ እማማ አስካለ ጎንበስ ብለው የሕፃኗን አተነፋፈስ አዳመጡና «ይቺ የበላቸው ናት፤ ሌላ አትፈልጉ» አሉ። የኩርር ኩርር ድምፁ እውነትም ነበር። እልልታው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አማች ሌላ ምን ሥልጣን አለው?

ሶስና አደገች፤ ማንኮራፋቱም አብሯት አደገ። ትምህርት ቤት ስትገባ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጠዋት እሷን መቀስቀስ ባትሪው የሞተ መኪና ገፍቶ እንደ ማስነሣት ነበር። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትተኛለች፤ ነቅታ ስትቀመጥ ደግሞ ሐሳቧ ሌላ አገር ነው። መምህርቷ መጀመሪያ «ትንሽ ትፈዛለች» አለች፤ ቀጥላ «ትኩረት የላትም»፤ በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ እናቷን ትዕግሥትን ጠርቶ ክፍሉን ብትደግመው ይሻላል አላት። እንግዲህ ሰባት ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ ሰነፍ የሚል ስም ሊለጠፍ ነው። ጥፋቱን በቴሌቪዥኑ አመካኘን፣ በስልኩ አመካኘን፣ ዓይን ነው ያለም ነበር፣ ጸበልም ተጠመቀች። እንቅልፏን ግን ማንም አልጠረጠረም። የሚያንኮራፋ ሰው ጥሩ ተኝቷል፤ በዚያ ቤት ይህን መጠራጠር ነውር ነው።

ነገሩን ያወጣው አንድ ጥርስ ነው። የሶስና የወተት ጥርስ ሳይነቀል አዲሱ ከኋላው ብቅ አለና ትዕግሥት ሳሪስ፣ ከእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ለፊት ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ አመጣቻት። ትዕግሥት የጥርስ መሣሪያ ድምፅ ስለምትፈራ እኔ ሱቄን ዘግቼ አብሬ ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዝምተኛ። የልጅቷን አፍ ከፍታ ለአንድ ጥርስ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች።

«አፏን ከፍታ ነው የምትተኛው?» አለች።

«አዎ።»

«ታንኮራፋለች?»

«በደንብ ነዋ» አለች ትዕግሥት፤ ልጅሽ ትበላለች ወይ ተብላ የተጠየቀች ነው የምትመስለው።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አስረዳችን። «የላይኛው መንጋጋዋ ጠባብ ነው፣ ላንቃዋም ወደ ላይ ጠልቋል። ጥርሱ ቦታ ያጣው ለዚህ ነው። አየሩም እንደ ጥርሱ ቦታ ያጣ ይመስለኛል። እንደዚህ ያሉ ልጆች ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቆምና ይመለሳል። በቆመ ቁጥር አንጎል ደንግጦ ይነቃል። ልጅቷ አታስታውሰውም፤ ግን ተኝታ አታድርም፣ ስትታገል ነው የምታድረው።» ቀጥላም እሷ ብቻዋን እንደማትወስን ነገረችን። መጀመሪያ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ቶንሲሏን ይይ፤ ከዚያ ሆስፒታል አድራ እንቅልፏ በመሣሪያ ይለካ፤ ውጤቱ እሷ እንዳለችው ከሆነ ላንቃዋ ላይ መንጋጋውን ቀስ በቀስ የሚያሰፋ ትንሽ ነገር ትገጥምላታለች። «አጥንቷ ገና አልጠነከረም» አለች፤ «ጊዜው አሁን ነው። ካደገች በኋላ እንዲህ በቀላሉ እሺ አይለንም።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። የአየር ፊልትሮው የተዘጋ መኪና ያጓራል እንጂ አይሄድም። ይህን ያህል ዓመት መለዋወጫ ስሸጥ ሞተር ሲያጓራ ሰምቶ ጤነኛ ነው የሚል ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው ሲያጓራ ግን እልል ብለናል።

ግርማ ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ። «ማንኮራፋት በሽታ ከሆነ አባቴ በሽተኛ ነበር ልትሉኝ ነው?» አለ። «አባቴ በእንቅልፉ ነው የሄደው። ሳይጨነቅ፣ ሳያስቸግር። የጻድቅ ሞት ነው የሞተው። የጥርስ ሐኪም ጥርስ ይንቀል፤ እንቅልፍ ምን አገባው? በልጄ አፍ ውስጥ ብረት የሚከት የለም።» ትዕግሥት አለቀሰች። ባለቤቴ ወንድሟን ተቆጣች። ነገሩ አልበርድ ሲል እንደ ቤቱ ወግ እሑድ ከምሳ በኋላ እማማ አስካለ ፊት ሊታይ ተቀጠረ።

እሑድ ሁላችንም ተሰበሰብን። ሶስና ግቢ ውስጥ ትጫወታለች፤ ጉዳይዋ እሷ በሌለችበት ይታያል። ግርማ ትልቁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ንግግሩን ጀመረ፤ ስለ ዘር፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ነጋዴ ስለሆኑ ሐኪሞች። ሆዱ ጠግቧል፣ ሳምንቱን ሙሉ ፈረቃ ላይ ነበር። «እግዚአብሔር የሰጠንን...» ብሎ ሐረጉ መሐል ላይ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፤ አንኮራፋ።

በዚያ ቤት ይህ አዲስ አይደለም። ግርማ ለቅሶ ቤትም፣ ሰርግ ቤትም እንዲህ ያደርጋል፤ «ደክሞት ነው» ይባልና ወሬው በላዩ ላይ ይቀጥላል። እኛም ልንቀጥል ነበር። ማንኮራፋቱ ግን ድንገት ጸጥ አለ።

«አሁን ገና ተመቸው» አለች ትዕግሥት፤ አፏ ለምዶባት ነው። በዚህ ቤት ማንኮራፋት ሲቆም የሚባለው እሱ ነው፤ ድምፁ በረደ፣ እንቅልፉ ጠለቀ ለማለት።

እኔ ግን ከሐኪሟ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ ዓይኔ ሌላ ሆኗል። ደረቱን አየሁት። ደረቱ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ አፉ ተከፍቷል፤ የሚገባ አየር ግን የለም። የታሸገ በር የሚገፋ ሰው ነው የሚመስለው። ላሳያቸው እጄን ሳነሣ እማማ አስካለ ቀድመውኛል። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሄደው በመዳፋቸው ጉልበቱን መቱት።

«ግርማ። ተነሥ።»

ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየሩን ሳብ አድርጎ ነቃና «...እና አባቴ እኮ በሰላም...» ብሎ ካቆመበት ሊቀጥል ሞከረ።

«አባትህን ተወው» አሉ እማማ አስካለ። ቆመው ነበር። «አባትህም እንደዚሁ ነበር። ድምፁ ሲቆም አሁን ተመቸው እል ነበር፣ ጎኑ ተኝቼ። የሞተ ዕለትም ብያለሁ። ብዬ ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።»

ግርማ እናቱን ቀና ብሎ አይቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ይህን ሁሉ ዓመት የጻድቅ ሞት እያልን ለለቀስተኛ ስናወራ ሴትዮዋ ከጎናችን ተቀምጠው ምን ሲያስቡ እንደኖሩ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? እሳቸው ግን እንባ አላወጡም።

«ልጅቷን ውሰዷት» አሉ። «አንተም ትሄዳለህ።»

ሄዱ። የጉሮሮ ሐኪሙ ቶንሲሏ ደህና ነው አለ፤ የእንቅልፉ ምርመራ ግን የጥርስ ሐኪሟ እንደ ፈራችው ሆነ። ግርማ ክሊኒኩ ወንበር አጠገብ ቆሞ የመጨረሻ መከላከያውን አቀረበ፤ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የዘር ነው። ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ።»

«ትክክል ነዎት» አለች ሐኪሟ። «የመንጋጋ ቅርጽ ይወረሳል። እስቲ እርስዎም ይቀመጡና አፍዎን ይክፈቱ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ክርክር አሸንፎ ሲሸነፍ አይቻለሁ፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ግን የለም።

ግርማም በተራው ተመርምሮ ለእሱ የሚሆነው ተሠራለት፤ ማታ ማታ ጥርሱ ላይ የሚያጠልቀው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ ነገር ነው። ሐኪሟ ለሁሉም ሰው እንደማይሆን፣ እንደሠራለት ለማወቅም እሱን አጥልቆ እንደገና መለካት እንዳለበት አስጠነቀቀችው። መጀመሪያ ላይ ምራቁ ተዝረከረከ፣ መንጋጋው አመመው፣ ከሰው ጋር ተኮራረፈ። ለልጅቷ ላንቃዋ ላይ ተገጠመላትና እናቷ በሐኪሟ ትእዛዝ በትንሽ ቁልፍ ታዞርላት ጀመር። ሶስና ከአባቷ በረታች። እንዲያውም «አባዬ፣ ያንተን አድርገሃል?» እያለች የምትቆጣጠረው እሷ ሆነች፤ በፋብሪካው ስንቱን ሠራተኛ የሚያንቀጠቅጥ ሰው «አድርጌያለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መንጋጋው እየሰፋ ሲሄድ የፊት ጥርሶቿ መሐል ክፍተት ተፈጠረ። ፍንጭት! ሰፈሩ አበደ። ብረት አታስገቡባት ሲሉ የነበሩት ጎረቤቶች የራሳቸውን ልጆች አፍ ያዩ ጀመር፤ የትዕግሥት እናት ደግሞ ፍንጭት የእኛ ወገን ነው አሉ። ሐኪሟ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ራሱ እንደሚገጥም ስትነግረን እማማ አስካለ ቅር አላቸው፤ «እሱንስ ብትተዪላት ምን አለበት?» ብለው ለመኗት። ሐኪም መሆን ከባድ ነው፤ ሕመሙን ስታድን ማንም አያመሰግንህም፣ ቁንጅናውን ስትነካ ግን አገር ይነሣብሃል።

ክፍል መድገም የሚባለው ነገርም ሳይነሣ ቀረ። መምህርቷ አንድ ቀን ደውላ ልጅቷ ወሬ አብዝታ ሌሎቹን አስቸገረች ብላ ከሰሰቻት። ትዕግሥት ይቅርታ ስትጠይቅ ስልኩን ወደ ጎን ይዛ ትስቅ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እኛም ሄደን እነ ግርማ ቤት ተሰብስበን ነበር። ሶስና ስትሮጥ ውላ አያቷ አልጋ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ጨዋታችን ደርቶ ሳለ ግርማ አንገቱን ቀና አደረገና ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ከጓዳው ምንም አይሰማም። በዚያ ቤት የበላቸው ዘር ተኝቶ ምንም አለመሰማቱ ገና ያልተለመደ ነገር ነው፤ ግርማ ብድግ ብሎ ሮጠ፣ እኛም ተከተልነው፣ የጓዳው በር ላይ ተጨናንቀን ቆምን።

እማማ አስካለ ቀድመውን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የእጃቸውን ጀርባ ከልጅቷ አፍንጫ ሥር ይዘዋል። የልጅቷ አፍ ተዘግቷል፣ ደረቷ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል። ግርማ ሊቀሰቅሳት እጁን ሲዘረጋ እናቱ በሌላ እጃቸው ያዙት።

«ተዋት» አሉት በሹክሹክታ። «ይሄ ያኛው ዝምታ አይደለም።»

እጃቸውን ግን ከአፍንጫዋ ሥር አላነሡም። እኛም በእግራችን ጣት እየረገጥን አንድ በአንድ ተመለስን።