ጠያቂም እኔ፣ መላሽም እኔ

እንደ መጠየቅ ያለ ቀላል ሥራ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። የሚጠይቅ ሰው አያልበውም። ብድግ ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ለምን አልተሠራም?» ይላል፣ ይቀመጣል። ላቡ ያለው ከመላሹ ዘንድ ነው። ይህን ያወቅሁት ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ኮት ከሠራሁ በኋላ ነው።

ወረታ ውስጥ ጫማ ነጋዴ ነኝ። ዋናው ሸቀጤ የላስቲክ ቦት ነው፤ ፎገራ ላይ ክረምት ሲገባ ሜዳውና ውሃው ስለማይለዩ ቦት የማይገዛ ገበሬ የለም። እንግዲህ ጎርፍ ለእኔ ገበያ ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ ሰው አምኖ የምክር ቤት አባል አድርጎ መረጠኝ። የየትኛው ምክር ቤት አትበሉኝ፤ ከሐሙሲት እስከ ወረታ የማያውቀኝ የለምና እዚያው ይቅር። እኔም አደራዬን ልወጣ ብዬ፣ የጎርፉን ውሃ ከሩዝ ማሳው ወደ ርብ ወንዝ የሚያወጣው ቦይ ለምን በደለል ተደፍኖ እንደቀረ፣ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የጽሑፍ ጥያቄ አስገባሁ። በጨዋ ደንብ ጽፌው ቢሆን ምን ነበረበት? መጨረሻው ላይ «ለመሆኑ ኃላፊው ክረምት በየዓመቱ እንደሚመጣ ሰምተው ያውቃሉ?» የምትል ጨመርሁበት። ለደንበኞቼ ሁሉ አነበብሁላቸው፤ ሳቁልኝ።

ከዚያ ምን ሆነ? ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። በእኛ ሥርዓት ደግሞ አስፈጻሚው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሕግ አውጪው ከራሱ ጉያ ነው፤ አስተዳዳሪው ከመካከላችን ሰው ያቀርባል፣ እኛ እጅ አውጥተን እናጸድቃለን፣ ተሿሚውም የምክር ቤት ወንበሩን አይለቅም። አስተዳዳሪው ዞር ዞር ብለው አዩና በተዛወሩት ኃላፊ ቦታ እኔን አቀረቡ። ጸደቀልኝ። ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ቢሮ ገባሁ። ወዳጆቼም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ መረቁኝ። ባለቤቴ ዘሀራ ብቻ አልሳቀችም። «ያችን ጥያቄህንስ መልሰህ ወስደሃታል?» አለችኝ። ወላሂ ረስቻት ነበር።

ጉባኤው በሚያዝያ ተሰበሰበ። አፈ ጉባኤው አጀንዳውን ሲያነቡ ጠያቂው እኔ፣ መላሹም እኔ ሆንሁ። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ፣ ጥያቄዬን ትቻለሁ ብዬ ልገላገል እጄን አወጣሁ።

ከኋላ ሌላ እጅ ወጣ። እማማ ታንጉት ናቸው፤ የርብ ዳር ሩዝ አምራች፣ እንደ እኔው የምክር ቤት አባል። ባለፈው ክረምት ውሃው ማሳቸው ላይ ተኝቶ ሩዛቸውን አበስብሶባቸው፣ ላሞቻቸውን ይዘው ጉብታ ላይ ነው የከረሙት። ዘንድሮም ቦዩ ከሰኔ በፊት ካልተጠረገ አንድ ፍሬ እንደማያገኙ ሁላችንም እናውቃለን። እግራቸው ላይ ከእኔ ሱቅ የገዙት አረንጓዴ ቦት አለ።

«ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነበር» አሉኝ ረጋ ብለው። «ጠያቂው ቢሾም ጥያቄው ምን ሆነና ይሞታል? መዝገብ ከገባ ወዲያ ያንተ አይደለም፤ የኛ ነው። የሾምንህም እኛ ነን። ቁምና ንገረን።»

አፈ ጉባኤው ደንቡን አገላብጠው፣ እማማ ታንጉት ልክ ናቸው አሉ። ስለዚህ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ያችን የክረምቷን ነገር ሳላስቀር፣ ጥያቄዬን አነበብሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ልመልስ ወደ መድረኩ ሄድሁ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ። እፍረት ነበረ፤ ከእፍረቱ የበለጠው ግን ግርምት ነው። ማኅተም ያለኝ ሹም፣ ጭቃ ረግጠው የመጡ አንዲት ባልቴት እጃቸውን ስላወጡ ብቻ ቆሜ ልናዘዝ ነው። ዘበኛ የለ፣ ቁጣ የለ፤ አንዲት እጅ። ትናንት እጃቸውን አውጥተው ሾሙኝ፣ ዛሬ እጃቸውን አውጥተው አቆሙኝ። ይህን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን?

መልሴ ግን ያው የሹም መልስ ሆነ። በጥናት ላይ ነው፣ በሂደት ላይ ነው አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ሰለቸኝ። አፈ ጉባኤው እንደ ደንቡ፣ ጠያቂው በመልሱ ረክተው እንደሆነ ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወደ ወንበሬ ተመለስሁና እማማ ታንጉትን አየኋቸው። «አልረካሁም» አልሁ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቦዩ በግንቦት ተጠርጎ ይለቅ የሚል ውሳኔ አስያዙ።

ተጠረገ። እኔም አካፋ ይዤ ከገበሬው መሃል ገባሁ፤ እማማ ታንጉት ከዳር ቆመው ጥልቀቱን በምርኩዛቸው እየለኩ «ጨምር» ይሉኛል። ክረምቱ ሲመጣ ውሃው ቦዩን ይዞ ወረደ፣ ሩዛቸውም ቆመ። ወንድሜ ብቻ ቦት አልሸጥ ብሎት አኩርፎኛል።

በመስከረም እማማ ታንጉት ቢሮዬ መጡ። ያን አረንጓዴ ቦት አጥበው በፌስታል ይዘውልኛል። ለሹም ስጦታ መቀበል ክልክል ነው ብላቸው፣ «ስጦታ ማን ሰጠህ? የመንገዳችንን ጥያቄ አስገብቻለሁ፤ ጭቃ ነውና መጥተህ ስታይ ታጠልቀዋለህ» አሉኝ።

ወዳጆቼ ከሹመትህ ምን በላህ ሲሉኝ እንግዲህ እሱን አሳያቸዋለሁ፦ አንድ አሮጌ ቦት፣ እኔው የሸጥሁት፣ ቁጥሩም የሚጠበኝ።