ደልጊ ያልደረሰው መለኪያ

(ዓባይ ማዶ፣ አንዲት ክፍል ቤት፤ ረፋድ። ወንጌላዊት ከወሊድ ፈቃዷ በኋላ ያለ ደመወዝ የጨመረቻቸው ወራትም አልቀው ሰኞ ወደ ፋብሪካው ቢሮ ትመለሳለች። ልጇን ጸሎትን እንዲይዙላት የባሏ የመልካሙ አክስት፣ የመሪጌታ ሚስት የነበሩት እትዬ የብርጓል፣ ትናንት ማታ ከደልጊ ገብተዋል። ወንጌላዊት ስልኳን እንደያዘች ተቆጥታለች።)

ወንጌላዊት፦ የልጅቷ ወተት፣ የባጃጅ፣ የኢንተርኔት ጥቅል! የዚህ ቤት ቀን የሚበላው ይኼን ነው። ወተቱ እንዳለ አለ፤ ባጃጅም ገና አልተሳፈርኩም። ጥቅሉ ግን በጠዋቱ ተጋምሷል። ማን ጠጣው?

የብርጓል፦ እኔ እንኳን ከቁርስ ወዲህ ውኃም አልቀመስሁ።

ወንጌላዊት፦ የዋይፋዩን ነው የምልዎት! መልካሙ ዘመናዊ ስልክ ልኮልዎት የለም?

የብርጓል፦ ልኮልኛል፤ ይባረክ።

ወንጌላዊት፦ እንግዲያው ልለካዎት ነው። ለኢንተርኔት ሱሰኛ ልጄን ጥዬ ሥራ አልገባም።

የብርጓል፦ ምኔን ነው የምትለኪው? ወገቤን?

ወንጌላዊት፦ በጥያቄ ነው እንጂ! የኢንተርኔት ሱስ መለኪያ ነው፤ ለየመልሱ ከዜሮ እስከ አምስት ይሰጣል። ጃፓኑም፣ ጀርመኑም፣ ብራዚሉም ተለክቶበታል። ሳይንስ ነው እትዬ!

የብርጓል፦ ይሁን፤ እነሱ ከቻሉት እኔስ ምን እሆናለሁ።

ወንጌላዊት፦ (ከስልኳ እያነበበች) «ካሰቡት ጊዜ በላይ ይቆዩበታል?»

የብርጓል፦ (አንገታቸውን ደፍተው) እኔ መቼ ልኬን አውቄ። እቆያለሁ ልጄ።

ወንጌላዊት፦ አምስት! (ስልኳ ይጮሃል) አንዴ ይቆዩኝ... ጓደኛዬ ሀኒ ናት፤ የሰርግ ቀሚሷን ለጥፋ ነው። ውይ፣ ሲያምር! እሺ... «የቤት ሥራዎን ችላ ብለው ያውቃሉ?»

የብርጓል፦ ስንቴ!

ወንጌላዊት፦ አምስት!

(ጸሎት እየዳኸች ወደ ከሰል ምድጃው ትጠጋለች። እትዬ የብርጓል ብድግ ብለው አንስተው ያዝሏታል። ወንጌላዊት ለሀኒ ልብ እየላከች ነው።)

ወንጌላዊት፦ የት ደረስን? «በሱ ምክንያት ዋሽተው ያውቃሉ?»

የብርጓል፦ (ወዲያ ወዲህ እያሉ) ምላስ መቼ ይታመናል። ዋሽቻለሁ።

ወንጌላዊት፦ አምስት! «ተዉ ሲባሉ ይቆጣሉ?»

የብርጓል፦ ቁጣማ ዋናው ደዌዬ። እሱንም ጻፊብኝ።

ወንጌላዊት፦ እግዚኦ! ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተው! ጃፓንን አልፈዋል እኮ!

የብርጓል፦ ኧረ በስመ አብ! እኔ ምስኪኗ ከማን በለጥሁ ብዬ? ዝቅ አድርጊኝ።

ወንጌላዊት፦ ሳይንስ ይሉኝታ አያውቅም። በሉ ስልኩን ያስረክቡኝ።

የብርጓል፦ የመልካሙን? ደልጊ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከነካርቶኑ። አብርቼውም አላውቅ።

ወንጌላዊት፦ ምን? ታዲያ ለምን ሁሉንም «አዎ» አሉኝ?

የብርጓል፦ ሰው «ይኼ ጥፋት አለብሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «የለብኝም፤ ንጹሕ ነኝ» ልበል? መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲህ ያለ መመጻደቅ አላስተማሩኝም። የጃፓኑን እንጃ፤ እኛ «አለብኝ» ነው የምንል።

ወንጌላዊት፦ እኔ ራሴን ስለካ ግን ዜሮ ነው የወጣልኝ!

የብርጓል፦ ምን እያልሽ መልሰሽ?

ወንጌላዊት፦ «የለብኝም» እያልኩ...

(ስልኳ ይጮሃል። አይታው ቀና ስትል ወለሉ ባዶ ነው።)

ወንጌላዊት፦ ጸሎት! ልጄ የት ሄደች? እትዬ፣ በሩ ክፍት ነው!

የብርጓል፦ (ዞረው ጀርባቸውን እያሳዩ) ቀስ በይ፣ ትነቃለች። ቅድም ቀሚስ ስታደንቂ ከምድጃው አፍ ነው አንስቼ ያዘልኋት።

(ወንጌላዊት በርጩማው ላይ ትቀመጣለች።)

ወንጌላዊት፦ እትዬ... ይቅር ይበሉኝ። ሰኞ ይቆዩልኛል?

የብርጓል፦ እቆያለሁ እንጂ። ለልጅቷ እኔ አለሁ፤ እኔን የጨነቀኝ አንቺን ማን እንደሚይዝሽ ነው።

(ወንጌላዊት ስልኳን አጥፍታ ወደ አንባቢው ትዞራለች።)

ወንጌላዊት፦ እናንተዬ፣ አደራችሁን፣ ይችን በስልክ የምታነቡ ካላችሁ፣ ለማንም ከመላካችሁ በፊት አንዴ ቀና በሉና ልጆቻችሁን ቁጠሩልኝ።